እትዬ አድራሻ

ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብዬ የሽንኩርት ቢላዬን ከደረጃው ድንጋይ ጋር አፋጫለሁ። ለመሳል አይደለም፤ ለማዶልዶም ነው። ስለቱን ወደ ታች ደፍቼ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እጎትተዋለሁ። ጎረቤት ቢያየኝ አበደች ይለኛል፤ ደግነቱ ጎረቤቶቼ ወደዚህ ማየት ከተዉ ቆይተዋል።

እሑድ ነው፣ ቢላ ሞራጁ ይመጣሉ። ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ።

እኔ የምሠራው የንግድ ፈቃድ ክፍል ነው፣ የክፍያ ቢል አወጣለሁ። ሱቅ ያለው ሰው ፈቃዱ አድራሻ አለው፣ ቢሉም እዚያው ይላክለታል። ጃንጥላ ጠጋኙ፣ ፊኛ ሻጩ፣ ቢላ ሞራጁ ግን እየዞሩ ነው የሚሠሩት፤ ሱቃቸው እግራቸው ነው። ሲስተሙ ደግሞ ይሄ አይገባውም። «የአገልግሎት አድራሻ» የሚለውን ቦታ ባዶ ከተውኩት ቢሉን አላወጣም ይላል፤ ቢል ያልደረሰው አይከፍልም፣ ያልከፈለ ፈቃዱን ይነጠቃል። አለቃዬን ብጠይቀው «የሆነ ነገር ሙዪበት» አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለጊዜው ብዬ የራሴን ቤት ቁጥር ሞላሁበት።

ለጊዜው የተባለ ነገር መቼም አያልቅም። የሁሉም ቢል እኔ ቤት ይመጣ ጀመር፤ እነሱም ቢላቸውን ፍለጋ እሑድ እሑድ ደጄን ማንኳኳት ያዙ። «እትዬ አድራሻ» የሚል ስም አወጡልኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ይህን በር ከእነሱ በቀር ያንኳኳው የለም።

አሁን ሲስተሙ ታድሷል። አድራሻ የሌለው ሰው ቢሉ በስልክ ይላክለታል፤ እስከ ነገ ቁጥሩን ያላስመዘገበ ፈቃዱ ይሰረዛል። ሌሎቹ ቁጥራቸውን ሰጥተው፣ መርቀውኝ፣ አንድ በአንድ ቀሩ። አሁንም የሚመጡት ሞራጁ ብቻ ናቸው። ስልክ የለኝም ባይ ናቸው።

የብስክሌታቸው ደወል ከመታጠፊያው ይሰማል። ቢላውን በቀሚሴ ጠርጌ እነሣለሁ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ አድራሻ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ እግሬ ጭቃ ነው።» ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ። መሬቱ ደርቆ አቧራ በሚቦንበት ቀንም ይላሉ።

መሳያ ድንጋዩ የተገጠመበትን ብስክሌት ደረጃው ሥር አቁመው ኮርቻው ላይ ይቀመጣሉ። የቢል ወረቀታቸውን እሰጣቸዋለሁ።

«ይሄ የመጨረሻው ወረቀት ነው ጋሼ። ከእንግዲህ በስልክ ነው። ቁጥር ካልሰጡኝ ነገ ፈቃድዎ ይሰረዛል።»

«ስልክ የለኝም አላልኩዎትም?»

«ብለውኛል። የልጅዎን ይስጡኝ፣ የጎረቤትም ይሁን።»

«የድሮው አይሻልም ነበር?»

«ለእኔማ ይሻለኝ ነበር። ግን አይሆንም። ብስክሌቱን ይወስዱብዎታል።»

እንዲህ እያልኩ ልቤ ሌላ ይላል። እምቢ በሉ፣ ምንም አትስጡኝ ይላል። ሰው የገዛ ብቸኝነቱን ፈርቶ የሌላውን መተዳደሪያ እንዲህ በቀላሉ ሊያስነጥቅ ይቃጣዋል? አፈርኩ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

እሳቸውም እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። ስልክ አወጡ።

«ልጄ ናት የገዛችልኝ» ይላሉ።

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

የስልኩ ጠርዝ ቀለሙ ተልጧል፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል። ቁጥሩንም ሳያዩ በቃላቸው ያወርዱልኛል። እጽፋለሁ፤ አንዷንም አላሳስትም። ሰሞኑን የተገዛ ስልክ ቁጥር እንዲህ በቃል አይያዝም። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ወደ ፔዳሉ ጣል አደረጉ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

«ቢላው የታለ?» ይላሉ።

የቢል ወረቀታቸውን ስለማስቀምጥላቸው ቢላዬን በነጻ ይስሉልኛል። ድንጋዩ እስኪሽከረከር፣ ስለቱ እስኪወጣ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ደወላቸውን ሲሰማ ስለሚያብደው ውሻ ያወራሉ። እሳቸው የሳሉት ግን ቶሎ አይደነዝም። ብቻዋን የምትበላ ሴት ስንት ሽንኩርት ትከትፋለች?

አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ ያሳልፋሉ።

«ምን ቢቆርጡበት ነው እንዲህ የሆነው?»

«አጥንት» እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ጠንካራ አጥንት ነው።»

ፔዳሉን ይመታሉ፣ ድንጋዩ ይዞራል። ዛሬ የውሻውም ወሬ አልተነሣ፣ የጉልበታቸውም አልተነሣ። ሲጨርሱ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ያቀብሉኛል። የክንዳቸውን ፀጉር ላጭተው ሳይሞክሩ ቢላ መልሰው አያውቁም፤ ዛሬ አልሞከሩም። ቸኩለው ይሆናል።

«በሉ እንግዲህ እትዬ። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።»

«ኧረ ምን አስቸገሩኝ።»

ያለ ቢል ወረቀትም እኮ መምጣት ይቻላል ልል አፌን ከፈትኩ። «ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ይበሉ» የሚል ወጣ።

ደወሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ገባሁ። በሩን መዝጋት ከበደኝና ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ሌላ የምሠራው ስለሌለ አንድ ሽንኩርት ልጬ መክተፍ ጀመርኩ። ቢላው በጫፉ በኩል ሳልጫነው ገባ። ወደ እጀታው ሲጠጋ ግን ያዘ። ተጫንኩት፤ ሽንኩርቱ አምልጦ ተንከባለለ።

ቢላውን ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃን ላይ አዞርኩት። ከጫፉ እስከ መሃል ድረስ ስለቱ ያብረቀርቃል፤ ልክ መሃሉ ላይ ለክተው ያቆሙት ይመስላል። ከመሃል እስከ እጀታው ጠዋት በደረጃው ድንጋይ ያበላሸሁት እንዳለ ነው፤ ጭረቶቹ አልተነኩም።