የእትዬ እታፈራሁ ጌም

«አዲሱን ግጠምልኝ፣ አህመዲን» ይላሉ እትዬ እታፈራሁ።

የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ መብራት የሚያከፋፍሉ ሁለት የፓወር ቦርዶች አሉ። አንዱ ገና ከነፕላስቲኩ ነው፤ ሌላው ከወዳደቀ ቴሌቪዥን የተፈታ፣ አቧራ የጠገበ። ሁለቱንም ከጅቡቲ ያመጣልኝ ሹፌሩ አብዱረህማን ነው። በጅቡቲ መንገድ፣ ሰርዶና ዲቾቶ ላይ ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ ስለምን ከረምኩ።

«አዲሱ ጉልበተኛ ነው፣ ያረጀ የስክሪን መስታወት አይችለውም» እላለሁ ቴስተሬን እያሳየኋቸው። «ልኩን የሚሰጠው ይኼኛው ነው።»

«እንዲህ ተጎሳቁሎ?»

«እኛስ መች አማረብን፣ እትዬ?»

ይስቃሉ። ቁም ሳጥን የሚያህለውን የጌም ማሽናቸውን ከአዋሽ ሰመራ ድረስ በጭነት መኪና አስጭነው ነው የመጡት። የድሮ ቴሌቪዥን የሚነካ ሰው ከእኔ በቀር ጠፍቷላ!

ድሮ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጌም ቤት ነበራቸው። የመኪና ረዳት ሳለሁ ሳልጫወት አላልፍም ነበር። ወይ ጊዜ! ባቡሩ ሲዘገይ ተሳፋሪው ሁሉ እዚያ ይጋፋል፤ ልጃቸውን ፍሬን የሚያሸንፍ ግን አልነበረም። አንደኛ የወጣው ሰው ስም ከስክሪኑ አናት ላይ በሦስት የፈረንጅ ፊደል ይጻፋል፤ ጨዋታው ቢቀያየርም እሱ ከቦታው አይነሳም። እዚያ የነበረው የፍሬ ስም ነው።

ፍሬ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕር ሊሻገር ሲነሳ «ስመለስ ሪከርዴን ማን እንደሰበረው አያለሁ» ብሎ ሄደ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት። አፋሮቹ በዳጉ የመንገደኛውን ሁሉ ወሬ በሚቀባበሉበት አገር የሱ ወሬ አልደረሰም። ማሽኑ ከጠፋ ስሙም ይጠፋል ስላሏቸው፣ እትዬ ጌም ቤቱን ከዘጉ በኋላ እንኳ አንድ ቀን አላጠፉትም። መብራት ሲሄድ በመኪና ባትሪ ያቆዩታል። ሰው አበዱ አለ። ባለፈው ወር ግን ፓወር ቦርዱ ተቃጠለ።

«ስሙ አለ አይደል?»

ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነው የሰነበትኩት። «ኢንሻአላህ» እላለሁ፣ እኔ ውሸታም! እንዲህ ያለ ማሽን መብራት ከተቋረጠበት ሁሉንም ይረሳል። ድሮም ነግረዋቸዋል፤ እኔ እንዴት ብዬ ተስፋቸውን ልቁረጥ?

አሮጌውን ቦርድ እበይዳለሁ። መስታወቱን አውጥቼ ጠፍጣፋ ስክሪን ልተካላቸው ብል «ልጄ ሲያየው የኖረውን አትንካ» ብለውኛል። የመስታወቱ አናት ላይ ቡናማ እድፍ አለ፤ ጠዋት በአልኮል ብፈትገው፣ ብፈትገው አልለቅ አለኝ።

«እትዬ፣ ሳላበራው በፊት አንድ ነገር...»

«አብራው።»

«ቢስሚላህ።»

መስታወቱ ያጉረመርማል፣ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይመጣል። ያ ሙዚቃ! የባቡሩ ጡሩምባ፣ የተሳፋሪው ጫጫታ ሁሉ ይመጣብኛል፣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ቀና ስል ስሙን አየዋለሁ፦ ኤ፣ ኤ፣ ኤ። ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው እንጂ የፍሬ አይደለም።

እትዬ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ይቀመጣሉ።

«አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄ በአንድ ቀን አመለጠኝ» ይላሉ። «አጥፋው፣ ልጄ። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?»

አጠፋዋለሁ። ብርሃኑ መሃል ላይ ተሰብስቦ ድርግም ይላል። በበሩ የገባው የሰመራ ፀሐይ የጨለመው መስታወት ላይ፣ እድፉ ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። እድፍ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠፋው ብርሃን መስታወቱን አቃጥሎ የጻፈው ነው፦ ኤፍ፣ አር፣ ኢ።

«እትዬ» እላለሁ መስታወቱን እያሳየኋቸው።

ተነስተው ይጠጋሉ። «እመቤቴ!» ይላሉ፣ በጣታቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ። እኔ የአልኮል ጨርቄን ከጀርባዬ እደብቃለሁ።