ከውሃው የወጡት

ማንጋሪ የእጅ ፓምፑን ደጋግማ ትጫናለች። ሳፋው ሲሞላ፣ ጠዋት ወንዙ ዳር ከሸምበቆ ላይ የለቀመቻቸውን ቀንድ አውጣዎች ዘርግፋ ወንፊት ትደፋበታለች። ጭቃቸውን ሲተፉ አድረው፣ ነገ ጭራቸው ተቆርጦ ከተልባ ጋር ይቀቀላሉ። ወንፊቱ እንዳይወጡባት ነው። ሰሞኑን ውሃ ውስጥ አንቀመጥ ብለዋል።

አይወጡም። ወደ ታች ሰምጠው ቀንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ቀስ እያሉ የሳፋውን ታች ይዞሩታል። ማንጋሪ ወንፊቱን አንስታ ትጠብቃለች። አንድም ወደ ላይ የሚል የለም።

በታሩ ሕዝብ መንደሮች ቀንድ አውጣ ሸምበቆ ላይ ከወጣ ዝናብ ደርሷል ማለት ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ የማንጋሪን ያህል ዓይን ያለው የለም። ከስምንት ቀን በፊት «ወጥተዋል» ስትል ማንም አላመነታም። መንደሩ የሩዝ ችግኙን ከመደቡ ነቅሎ ማሳ ላይ መትከል ጀመረ። ዝናቡ እስኪደርስ ከወንዙ ቦይ ቀደው ያጠጡታል። ለመጠባበቂያ የቀረ ዘር የለም፤ ያለው ሁሉ መደቡ ላይ ተዘርቶ ነበር።

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ጆኩ አካፋውን ተሸክሞ ከማሳው ይመጣል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«እትዬ፣ ሰማዩ ቋንቋችን ጠፋበት እንዴ?» ይላታል እየሳቀ። «ወይስ ቀንድ አውጣዎችሽ እያሾፉብን ነው?»

እሷ አትስቅም። ባልዲ ሰጥታ ከቦዩ ውሃ ቀድቶ እንዲያመጣላት ትጠይቀዋለች። ያመጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ጠጋ ሲሉት ብቻ እንዳረረ ስኳር ይሸታል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ያለው የስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሽታውን ሁሉም ለምደውታል። ከሳፋው ሦስት ቀንድ አውጣ አንስታ ባልዲው ውስጥ ትጨምራለች።

ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ያያሉ። መጀመሪያ ሦስቱም ወደ ቀፏቸው ገብተው ክዳናቸውን ይዘጋሉ። ቆይቶ ትልቁ ይከፍትና የባልዲውን ግድግዳ ይይዛል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። ከውሃው ወጥተው አፉ ላይ ሲደርሱ እዚያው ይጣበቃሉ። ማንጋሪ አንዱን በጣቷ መልሳ ትከተዋለች። እንደገና ይወጣል።

የጆኩ ሳቅ ጠፍቷል።

«ዝናብ ሸትቷቸው አይደለም የወጡት» ትላለች። «ከውሃው ሸሽተው ነው።»

ጆኩ ሄጄ ቦዩን ልዝጋው ይላል፤ ግን አይነሳም። ስምንት ቀን ሳያቋርጡ ማጠጣታቸውን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ይናገራል።

ማሳው ከፓምፑ ጀርባ ይጀምራል። ማንጋሪ ገብታ ጎንበስ ትላለች። ችግኙ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ከማለቱ በቀር አረንጓዴ ነው። ስትስበው ያለምንም ትግል ይመጣል፤ ሥሩ ጠቁሮ፣ እንደ በሰበሰ ክር ጣቷ ላይ ይዝለገለጋል። ቀጥሎ ያለውን ትስባለች። እሱም ያው ነው።

ከወዲያ ሴቶቹ በመስመር አጎንብሰው የመጨረሻዋን ቁራጭ መሬት ይተክላሉ። አንዷ ወገቧን ይዛ ቀና ትላለች።

«እማማ ማንጋሪ፣ ዝናቡ ዛሬ ነው ነገ?»

«በይ ንገሪያቸው» ይላል ጆኩ ከኋላዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማንጋሪ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ትበሳዋለች። የነቀለችውን ችግኝ ቀዳዳው ውስጥ ታስገባለች፤ ዙሪያውን ጠቅጥቃ፣ እንዳይዘም ቀና ታደርገዋለች።