የተማሪዋ ሽርጥ

ሽንኩርቱ ማረር መጀመሩን ከማንም ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። ብድግ ልትል ስትል የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ተናኜ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። «ኧረ በማርያም! የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ እኮ አጠገብሽ ነው። ተማሪ ነሽ፣ አርፈሽ አንብቢ!» አሉ በሹክሹክታ።

ተማሪ! ዕድሜዋን በሰው አገር፣ በዚህ በቡጎሎቢ ምግብ ቤት ምድጃ ፊት የጨረሰች ሴት፣ የሥራ ፈቃዷ አልታደስ ሲል ዋንዴገያ የምግብ ዝግጅት ኮሌጅ ተመዝግባ የተማሪ ቪዛ አወጣች። በተማሪ ቪዛ ደግሞ ማማሰያ መንካት ክልክል ነው። ሰውየው ሲገባ በጥድፊያ የፈታችውን ሽርጥ ጭኗ ላይ ጠቅልላ ደብቃለች። ፊት ለፊቷ የተገለጠው የኮሌጁ መጽሐፍ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ በሥዕል ያሳያል። ከጓዳ፣ ድስቱን የተረከበችው ሳህን አጣቢ ውሃ ስትቸልስበት ቸስ አለ። አሁን በዚህ ላይ ውሃ ይጨመራል? ደፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው እንጂ! ጥርሷን ነክሳ ሽርጡን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

ጥብሱ ለሰውየው ቀረበ። አንዴ ጎረሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ሳህኑን ገፋ አደረገና በአጠገቡ ወደተቀመጠችው ተማሪ ዞረ።

«ባለፈው ስመጣ ጥብስ የሠራችው ሴት የት ሄደች?»

ዓይኗን ከመጽሐፉ አላነሳችም።

«ትምህርት ቤት ገባች» አለችው።