ብሩሹ ቤት

«ዳቦ ቤቱን አልፈህ ግራህን ይዘህ ነው የምትመጣው፤» አለች ሴትዮዋ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ።

«የቱን ዳቦ ቤት እናቴ?» አለ የአምቡላንሱ ሹፌር። «እዚህ ያለው ባንክ ነው።»

«እሱ ነዋ! ባንክ የሆነው ዳቦ ቤት።»

«ኧረ እናቴ፣ እዚህ መንገድ ላይ ባንኩ እንደ እንጉዳይ ነው የፈላው። የቱ ባንክ?»

ምን ትበለው? ሁለት እጆቿ ባሏ ደረት ላይ ናቸው። አልጋው ላይ ከኋላው ተቀምጣ ጀርባውን በደረቷ ደግፋዋለች። ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቀና ሲልም ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ድምፅ ተሞልቷል። አሁን ደግሞ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል።

«እሺ ባንኩን ተወው። ጋራዡ ጋ ስትደርስ...»

«ጋራዥ አይታየኝም።»

የዚህ መንገድ ሰው ጉዱ ይኸው ነው። የፈረሰን ነገር በስሙ መጥራት አይተውም። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ሳይቀር ተነቅሏል፤ ቀጠሮ ግን እስከ ዛሬ «ዛፉ ጋ» ነው። ጋራዡ ፈርሶ ፎቅ ወጥቶበታል። ፎቁ ላይ ወጥቶ ጥርሱን አስነቅሎ የሚመለስ ሰው እንኳ ጉንጩን ይዞ «ጋራዥ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው። ሁሉም እስካወቀው ድረስ ማንም አይጠፋም ነበር። በኋላ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። የነሱ ቤት ከመስመሩ ለጥቂት ወጣ። ተረፍን ብለው ነበር፣ ወይ መትረፍ! ፊት ለፊታቸው የግንባታ ቆርቆሮ ዳር እስከ ዳር ታጠረና ቤቱ ከመንገድ የማይታይ ሆነ።

«አንድ ጎረቤት አስፋልት ዳር ቆሞ ያሳየኝ እስቲ፤» አለ ሹፌሩ።

«የምን ጎረቤት ልጄ! ጎረቤትማ በግሬደር ተጠርጎ አለቀ።»

«እርስዎ ይውጡልኛ።»

«ብወጣ ማን ይደግፈዋል?»

ድሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። «ብሩሹ ቤት» ካሉ በቃ፣ ውሻውም ያሳያል። ብሩሹ ይኸው ባሏ ነው። የመንገዱን የሱቅ ማስታወቂያ በሙሉ የጻፈው፣ ፀጉር ቤቱ ላይ ያን የሚያህል መቀስ የሳለው እሱ ነው። አንድም አልቀረም፤ የጻፈባቸው ቆርቆሮዎች ከፍርስራሹ ጋር ተጭነው ሄዱ።

«አምጪው፤» አለ ብሩሹ። «እኔ... ልንገረው።»

ስልኩን አፉ ላይ ያዘችለት። ዓይኑን ጨፈነ።

«ዳቦ ቤቱ... አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ፀጉር ቤት። መቀሱ... ከሩቅ ይታይሃል። ታየህ?»

«አዎ አባቴ፤» አለ ሹፌሩ። «መቀሱ ታየኝ።»

«ቀለሙስ? ይዟል?»

«ይዟል። አዲስ ነው የሚመስለው።»

«አላልኩሽም!» አለ ብሩሹ ለሚስቱ፣ ፈገግ ብሎ። «ዘይት ቀለም ነው... ብዬሻለሁ።»

አፍህ ይባረክ አለችው ሹፌሩን በልቧ። ወዲያው ግን ፍርሃት ወረራት። መቀሱ ታየኝ የሚል ሹፌር ይህን ቤት ከየት ያገኘዋል?

ያኔ ሳይረኑ ተሰማ። ቅርብ ነው፤ ከቆርቆሮው ማዶ።

ትራሱን ሁሉ ሰብስባ ከጀርባው ደረደረች፤ እንዳይንሸራተትም የድሮ የቀለም ሣጥኑን አስደገፈች።

«አትሂጂ፤» አለ እጇን ይዞ።

«መጣሁ። አሁኑኑ መጣሁ።» ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

ስልኩን እንደያዘች አንሶላውን ከአልጋው መንጭቃ በባዶ እግሯ ወጣች። በቆርቆሮው ክፍተት ትከሻዋን አሾልካ አንሶላውን አውለበለበች። ነጩ መኪና በወዲያኛው መስመር ነው፤ መሃል ላይ የሲሚንቶ አጥር ተጋርጧል። ከፊቷ አልፎ ሄደ።

«አየሁዎት እናቴ!» አለ ሹፌሩ በስልኩ። «ግን መሻገሪያ የለውም። ድልድዩ ጋ ሄጄ ልዙር!»

«የቱ ድልድይ?» አለች።

ሳይረኑ ራቀ። ድልድይ መሠራቱን ጨርሶ አልሰማችም ነበር።

እየሮጠች ተመለሰች። ትራሱ ተንሸራቷል። ብሩሹ በጎኑ ወድቆ ጉንጩ የቀለም ሣጥኑ ላይ አርፏል። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ!» አለች።

ስልኩን አልጋው ላይ ጥላ ከኋላው ተቀመጠች። በብብቱ ይዛ አነሳችውና እንደ ቅድሙ ጀርባውን በደረቷ ደገፈች። ሁለት እጆቿን ደረቱ ላይ አደረገች። ደረቱ ዝም ብሏል። ከባድ ነው፤ እንዲህ ከብዷት አያውቅም። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ጠበቀች። ምንም የለም። ትታው መውጣቷ ነው አንጀቷን የቆረጠው፤ እጁን ያላቀቀችው እሷው ናት።

አልጋው ላይ የወደቀው ስልክ አሁንም ይናገራል። «እናቴ፣ ዞሬ መጥቻለሁ! እናቴ ይሰሙኛል? ሁሉም ቆርቆሮ ሆነብኝ። እዚህ አንድ ዘበኛ አለ፤ ማን ቤት ብዬ ልጠይቀው?»

ስልኩን አነሳች።

«ብሩሹ ቤት በለው፤» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ፣ ጉቶው እንኳ የሌለውን ዛፍ «ዛፉ ጋ» ያለች መሰላት።