ጥቁሩን አውልቂ

ዛሬ ዛሬ የሟች ድምፅ በኮምፒውተር ተሠርቶ ለቤተሰቡ ይሰጣል። የባለቤቴን የስንታየሁን ድምፅ ክብሪት በምታህል ሳጥን ያመጣልኝ ታናሽ ወንድሙ አሰግድ ነው፤ በአርባው ማግስት። ከፈትኳት።

«ጥቁሩን አውልቂ፤ ይበቃል» አለኝ ድምፁ።

ሙት ዓመቱ ገና ነው። አሰግድን አየሁት።

«አንተ ነህ ያስባልከው።»

«እኔ? እትዬ፣ የስልኬን ሰዓት እንኳ የምታስተካክዪልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ!»

አላመንኩትም። ሳጥኗን የሚያናግረው ፕሮግራም ማንም እንዲያነበው ክፍት ስለሆነ በላፕቶፔ መስመር በመስመር አነበብኩት። በየመስመሩ የጸሐፊው ስምና ቀኑ ሰፍሯል። ያንን ቃል የጻፈው ስንታየሁ ራሱ ነው፤ ሆስፒታል ከመግባቱ አራት ወር ቀደም ብሎ።

ያን ሰሞን ሲያስለው «ጉንፋን ነው» ይለኝ ነበር። እኔም ዝንጅብል አፈላለት ነበር።