ከድልድዩ አፍ ላይ

ልጇን ላግባ ያለው ሰው ተራራ ወጪዎች በሚይዙት ሁለት የብረት ምርኩዝ መሬቱን እየወጋ፣ የአንድ ቤተሰብ ጓዝ የሚያህል ቦርሳ አዝሎ ሲራመድ እናትየዋ ከኋላ ገላመጠችው። መንገዱ እኮ የድሮ ባቡር መስመር ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በወንዙ ዳር እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ፣ ሕፃናት በጋሪ የሚገፉበት። «እማማ ይጠንቀቁ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ዳገት አለ» አላት። «ይሄ ዳገት ከሆነማ የእኔ ቤት ደፍ ተራራ ነው!» አለችው። ልጅቷ «እማዬ፣ በናትሽ!» ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። እናትየዋ እሺታዋን ወይም እምቢታዋን ዛሬ ልትናገር ቃል ገብታ ነበር፤ እምቢታው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

የድሮው የባቡር ድልድይ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን የእናትየዋ እግር በራሱ ጊዜ ቆመ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። በልጅነቷ ድልድዩ መሃል ባቡር የደረሰበት ሰው መሸሻ ስላልነበረው፣ ሳያዳምጥ የሚሻገር አልነበረም። ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ! ይሄ ትዝ ሲላት ፊቷ በእፍረት ጋለ። ልጇ እንኳ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን ይዛለች። ጠዋቱን ሙሉ ስትዘባበትበት የቆየችው ሰው አሁን ተራው ነውና ሳቁን ጠበቀች።

ሰውየው አልሳቀም። ዞር ብሎ የመስመሩን ማዶ አየ፤ ትንፋሹን ውጦ እሱም እንደሷ አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ ቅጭም እንዳለ፣ «የሚመጣ የለም እማማ፣ ይሻገሩ» አላት። ተሻገረች። ማዶ ስትደርስ ልጇን በክንዷ ሳብ አድርጋ፣ «ጅል ነው» አለቻት፤ «አግቢው።»