ልጆቹ ከበሉ በኋላ

ሮንዳ ሽንኩርቱን የተፈጨው ሥጋ ላይ ገልብጣ በእንጨት ማንኪያ ስታማስል ባሏ ራንዳል መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። በካልሲ ስለነበር ኮቴው አልተሰማትም።

«ከበሉ በኋላ ይሁን» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆቹ ምሳቸውን በሰላም ይብሉ።»

«አይ ደግ አባት!» አለች ሳትዞር።

ነገሩን የነገራት ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ እንደቆመ። ሉቦክ ከተማ ቤት ተከራይቷል። ሴትም አለች። የሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አፍርሶ ሲጨርስ ቡናው እንኳ ገና አልበረደም ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ታዲያ ዞር አለና «እሑድ ልጆቹን እንጥራቸው። ያቺን የታኮ ሾርባሽን ሥሪላቸው» አላት።

ይኸው እየሠራች ነው። ለምን እሺ እንዳለችው ራሷም አታውቅም። ምናልባት እጇ ሥራ ካልያዘ የሚያደርገውን ፈርታ ይሆናል። የታሸገውን ቲማቲም ከነቃሪያው ጨመረች፤ ቦሎቄውን፣ በቆሎውን፣ ከሙኑን አስከተለች። መጨረሻ ላይ ነጩን ለስላሳ አይብ በጣቷ እየቆረሰች ጣለችበት። ቀዩ መረቅ ብርቱካን እየመሰለ ወፈረ። ከመስኮቱ ውጪ፣ ጥጡ ከተለቀመ የሰነበተው ማሳ ላይ፣ ነፋሱ አቧራ ያቦናል።

«አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለ ራንዳል፣ አንድ የበቆሎ ቺፕስ ወደ አፉ እየወረወረ። «አንቺን ይሰሙሻል።»

«አሁንም እኔ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፍህ ሆኜ ኖርኩ እኮ! ከእናትህ የማስታርቅህ እኔ፣ የልጆቹን አስተማሪ የማነጋግር እኔ። ይቺን እንኳ ራስህ ተወጣት።»

«በቃ፣ ቀስ በይ። መጡ።»

ትልቋ ልጃቸው ኬልሲ ከአማሪሎ ከተማ ነድታ፣ ታናሽ ወንድሟን ታነርን መንገድ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ጭናው ነበር የመጣችው። ታነር ቦርሳውን ደጃፉ ላይ ወርውሮ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄደ።

«እማዬ፣ ሽታው እኮ ከመኪናው ጎትቶ ነው ያወረደኝ!»

«እጅህን ሳትታጠብ ክዳኑን እንዳትነካ!» ብላ ኬልሲ በክርኗ ገፋችው። ከዚያ እናቷን አቅፋ ትንሽ ቆየችና ፊቷን አየቻት። «ከሳሽ እንዴ?»

«የሥራ ብዛት ነው።»

አራቱም ከበው ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው እጅ ለእጅ ተያያዙ። የራንዳል መዳፍ ደረቅና ሞቃት ነበር። «ጌታ ሆይ» ብሎ ጀመረ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይህን ማዕድ ባርክልን። ያዘጋጁትንም እጆች ባርክ። ይህን ቤተሰብ በፍቅርህ ጠብቀው።» ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ልጆቹ አሜን አሉ። ሮንዳ አላለችም፤ ማንም ልብ አላላትም።

ለራንዳል አንድም ጉርሻ የሚወርድለት አልመሰላትም ነበር። እሱ ግን በላ። አይብ ነሰነሰበት፣ ቺፕሱን ሰባብሮ ጨመረበት፣ ግንባሩን እስኪያልበው በላ። ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። ጎረቤታቸው ትራክተሩን ቦይ ውስጥ ከትቶ እንዴት ሚስቱን «ግፊ» እያለ ሲጮህባት እንደዋለ እየነገራቸው ታነርን በሳቅ አስነባው። ኬልሲም ሳቀች። ሮንዳ ልጆቿ ሲስቁ እያየች፣ ይህን ሳቃቸውን በኋላ ሲያስታውሱት ምን እንደሚሰማቸው አሰበች።

«እማዬ፣ አንቺስ አትበዪም?»

«እበላለሁ። ብሉ እናንተ።»

ቺፕስ ለመጨመር ስትነሣ ራንዳል ባዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ምድጃው ተከተላት። ልጆቹ ሳህን የሚያጥበው ማን እንደሆነ እየተከራከሩ ነበር።

«እኔ የምልሽ» አለ በሹክሹክታ፣ «ከተረፈ በዕቃ ታደርጊልኛለሽ? ይዤው ብሄድ ብዬ ነው።»

ዞራ አየችው።

«እሷ ብዙም አታበስልም» አለ። ከዚያ ድስቱ ውስጥ አየት አድርጎ፣ «በትልቁ ዕቃ ቢሆን ጥሩ ነው» ሲል ጨመረበት።

ሮንዳ ፊቱ ላይ እፍረት ፈለገች። አላገኘችም። የነበረው ሁልጊዜ ድስቱ ጋ ሲቆም የሚታይበት ያው ፊት ነው፤ ተጨማሪ የሚጠብቅ ሰው ፊት። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ትልቁን የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። የድስቱ መቀመጫ እስኪታይ ድረስ በጭልፋ እየቀዳች ሞላችው፤ ለራሷ አንዲት ማንኪያ አላስቀረችም። ክዳኑን ተጭና ዘጋችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ይኸው፣ ያዝ» አለችው፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በደህናው ድምፅዋ።

ኬልሲ ቀና አለች። «አባዬ፣ ወዴት ልትወስደው ነው? ፍሪጁ እኮ በዚያ በኩል ነው።»

«ከእኔ ሊደብቅ ነዋ!» አለ ታነር አፉን እንደሞላ።

ራንዳል ሊስቅ ጀመረና ተወው። ዓይኑን ወደ ሮንዳ ላከ፤ አንድ ነገር እንድትልለት፣ እንደ ወትሮው። ሮንዳ ወንበሯን ሳበች። ልጆቿ መሐል ተቀመጠችና እንደ እነሱ አንገቷን ቀና አድርጋ ትመለከተው ጀመር።

ሾርባው ገና ከእሳት መውጣቱ ነው፤ ዕቃው ያቃጥላል። ራንዳል ከግራ እጁ ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው አዛወረው። ከሦስቱ አንዳቸውም አስቀምጠው አላሉትም።